የእንባ ዘለላው ጫፍ

ጥቅምት 12፣ 2006፣ ማክሰኞ

ሱቁ ጸጥ ብሎ ዋለ። ሐጅ አልፏል፣ ጅዳ ደክሟታል። አብዱልሃሚድ ሰባት አልማዝ ጨርቅ ላይ ደርድሮ ፈተነኝ። ሁሉም የእንባ ዘለላ ቅርጽ ያላቸው። ክቡን ድንጋይ የምርመራ ወረቀቱ «አቆራረጡ ግሩም» ይለዋል፤ ለእንባ ቅርጹ ግን እንዲህ የሚል ወረቀት የለም። በዓይን ነው። ርዝመቱ የስፋቱ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ፣ ትከሻው ግራና ቀኝ እኩል፣ ሆዱ ጠለቅ ያለ... መሐሉ ላይ ጥቁር ጥላ ከተጋደመ ተወው። ጫፉ ከሳሳ ደግሞ አትንካው፣ ይሰበራል።

«ወረቀቱን እጠፈው፤ ድንጋዩን እይ» ይላል አብዱልሃሚድ፣ የመናዊው ሽማግሌ። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ወርቅ ላይ ሲሰካ ኖሯል። ከሰባቱ ስድስቱን አገኘሁ።

ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ግን «የቤት ሾፌር» ይላል። እኔ እንኳን መኪና አህያም ነድቼ አላውቅ።

ማታ ሀናን ከመካ ደወለች። አሠሪዋ ማዳም በካውያ ክንዷን ስለተኮሰቻት በረመዳን ከቤቷ ጠፍታ እዚያው መካ፣ ነካሳ ሰፈር፣ ከጓደኛዋ ከሲቲ ጋር ተደብቃለች። ታናሽ እህቴ እዚያ፣ እኔ እዚህ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር፣ አሥር ወንድ በታጨቀበት ክፍል። ወዴት ላምጣት?

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ከፊሌ፣ ኢቃማዬ በስሙ የሆነው የሱቁ ባለቤት፣ ጠራኝ። ልጁን ሊድር ነው።

«ጀይላን፣ ለሙሽራዋ ድንጋይ አንተ ምረጥ። ማዳም፣ ባለቤቴ፣ ደስ ካላት እህትህን በስሜ አዞራታለሁ። ወላሂ። ኸላስ።»

በስሙ! ኢቃማ ሊኖራት ነው... ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ወረቀት የሌለው ሁሉ ያለ ቅጣት አገር የሚገባበት ቀን ጥቅምት 24 ያበቃል። ከዚያ በኋላ አፈሳ ነው ተብሏል። እንደርስ ይሆን?

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ማዳም የመረጠችው የተንጣለለውን አልማዝ ነው። ከላይ ሲያዩት ትልቅ። ጥልቀቱ የስፋቱን ግማሽ እንኳ አይሞላ፣ የገባው ብርሃን በታች ያመልጣል። ጫፉ ምላጭ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

አፌ ላይ ነበር። አብዱልሃሚድ አፍጥጦ ያየኛል። ከፊሌም ያየኛል። ሀናን ታየችኝ።

«ማሻአላህ፣ ማዳም።»

ሲወጡ ሽማግሌው ማጉያውን ከእጄ ወሰደው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ሲቲ ኹሩጅ፣ የመውጫ ማህተም፣ መትታ ወደ አገር ልትሄድ ነው። ሀናን ስልኩ ላይ አለቀሰች። «ወንድምዬ፣ እኔም ልሂድ። ሰዉ ሁሉ እየሄደ ነው።»

«የኢቃማሽ ወረቀት ሊያልቅልሽ ነው እኮ! ምን ያንቀለቅልሻል? ቁጭ በይ!» ጮህኩባት። እሺ አለች። ሁልጊዜም እሺ ትላለች።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አብዱልሃሚድ ጫፉን በወርቁ ጥፍር ሲይዘው ተሰበረ። ትንሽ ነው፣ የስኳር ፍንጣሪ የምታህል። ከፊሌ በማጉያው አየውና ወደ እኔ ዞረ።

«ታውቅ ነበር?»

በጥፊ አላሰኝ፣ ደግሞ በጫማው። ጆሮዬ እስካሁን ይጮሃል። የሀናንን የኢቃማ ፎርም ፊቴ ላይ ቀደደው። «ለድንጋዬ የዋሸኸኝ ለእህትህማ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

አልፈርድበትም። አየሁ፣ ዋሸሁ።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

የመጨረሻው ቀን። አልነገርኳትም። ስልኩን ስንት ጊዜ አነሳሁ... «ወረቀቱ ደረሰ?» ስትለኝ «ቡክራ፣ ነገ» አልኳት። እንደ ከፊሎቹ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ንጋት ላይ ፖሊሶች በሩን በመዶሻ ሰብረው ገቡ። የክፍል ጓደኛዬን ዐብዱን በፀጉሩ ጎተቱት፣ ጭንቅላቱ በየደረጃው እየተንኳኳ ወረደ። የእኔን ኢቃማ አንዱ አነበበ። «ሾፌር? መኪናህ የታለ?» ሳልመልስ በዱላው አፌን። ሁለት ጥርስ። ወረቀቴ ደህና ስለሆነ ተዉኝ። ዘጠኙን ወሰዷቸው። የዐብዱ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ቀርቷል።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

የዛሬውን ልጻፈው።

በቀትር ደወለች። «በሩን እየመቱት ነው፣ ጀይላን፣ የሳውዲ ጎረምሶች ናቸው፣ ዱላ...» ተቋረጠ። አብዱልሃሚድ መሣሪያውን ጥሎ ተነሳ። «ያላ!» የመኪናው ቁልፍ እጁ ላይ ነው። እስከ መካ መኪናውን አበረረው።

ነካሳ ዳገቱ ላይ ፍራሽና ልብስ ተበትኗል፤ የእሷ በር ገና መሰበሩ ነው። ሀናንን ሦስት ሆነው በሻርፗ ይጎትቷታል። ፊቷ ደም ብቻ ነው። አንዱ ዱላውን ደግሞ አነሳ። ድንጋይ አነሳሁ... እውነተኛ ድንጋይ፣ የዳገቱን። መታሁት። ወደቀ። ከወደቀም በኋላ መታሁት። ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አብዱልሃሚድ ነው በወገቤ ይዞ የጎተተኝ። «በቃ! በቃ ልጄ! ገደልከው!»

አልሞተም። ያቃስት ነበር። ከዚያ ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ መጣ፣ እኔንም እሷንም ጫኑን። ጎረምሶቹን ማንም አልጠየቃቸው።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ማጎሪያው ውስጥ ነኝ። ወንድ ለብቻ፣ ሴት ለብቻ። ጸሐፊው ሥራዬን ጠየቀኝ። «አልማዝ እመርጣለሁ» አልኩት። ሳቀና «ሾፌር» ብሎ ጻፈ።

ሀናንን አላየኋትም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ገባን። ድንኳን ውስጥ ነን፣ ይበርዳል። ነገ ወደ ከሚሴ፣ ወደ እናታችን።

ሀናን የግራ ዓይኗን ፋሻ ፈታችው። ሐኪሙ ወረፋው ረዝሞበት በቅጡ ሳያይ «ይድናል፣ አይዞሽ» ብሏታል።

«አንተ ማየት ታውቃለህ» አለችኝ። «ድንጋይ እንደምታይ እይልኝ።»

የስልኬን መብራት በቀኙ ላይ አበራሁ፤ ብሌኑ ጠበበ። በግራው አበራሁ። አልተነቃነቀም። ደግሜ አበራሁ። ደግሜ። ቀኙን በእጄ ሸፍኜ መብራቱን ማየቷን ጠየቅኳት። «የቱን መብራት?» አለች።

ምላሴ ላይ ያቺው «ማሻአላህ» መጣች። ዋጥኳት።

«አያይም፣ ሀናን። የሚመለስም አይመስለኝም። ሌላም አለ... ወረቀቱ ጥቅምት 23 ተቀዷል። አውቄ ነው ቡክራ ያልኩሽ። ያኔ ብነግርሽ ለመውጣት አንድ ቀን ነበረሽ።»

እንድትመታኝ ጠበቅኩ፤ ፈለግኩም። ፋሻውን ራሷ መልሳ አሰረችው፣ ቋጠሮው አስቸገራትና ጀርባዋን ሰጠችኝ። እኔ ቋጠርኩላት።

«ለእናታችን» አለች ሳትዞር፣ «አንተ ነህ የምትነግራት። አሁን እንደነገርከኝ፣ ሁሉንም።»

እሺ አልኳት።