ስብ የሌላት ትል

ግንቦት 11
ዛሬም ምንም። ስልሳ የትል ሳህን በማይክሮስኮፕ አየሁ፣ ስልሳውም አንድ ዓይነት። ዓይኔ ቀላ። ከላብራቶሪ ወጥቼ በእግሬ ወደ ጊዮርጊስ፣ ወደ ቤት። እማዬ በር ላይ ቆማ፣ "ብይ"... ሰላምታዋ ይኸው ነው። "ዛሬም ትል ስታዪ ዋልሽ?"
አዎ እማ፣ ትል ሳይ ዋልኩ። ይኸው አራት ዓመቴ። ጎረቤት ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት "ሕክምና ነገር ነው" ትላለች። ትል ማለት ያሳፍራታል።

ግንቦት 14
ዶክተር አጽብሐ ቢሮ ጠሩኝ። አማካሪዬ ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም። "ናዝራዊት፣ እስከ ሰኔ አምስት አንድ የተለየ የትል ዘር ካላሳየሽኝ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። አንቺንም ማቆየት አልችልም።" እሺ አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?
በወሬ ቀላል ነው። ትሎቹ የጤፍ ፍሬ ቢያክሉ ነው፤ ሰውነታቸው ውስጡን ያሳያል። ጂናቸውን በኬሚካል እናዛባለን። ከዚያ ከልጅ ልጆቻቸው መሃል የስብ አያያዟ የተለየ አንዲት ትል እንፈልጋለን፣ ሳንገድላት፣ በሕይወት እንዳለች። ቀለም እናበላቸዋለን፤ ማይክሮስኮፑ ሥር ስባቸው ነጠብጣብ እየሆነ ያበራል። የተለየችዋ ከተገኘች የትኛው ጂኗ እንደተበላሸ ይፈለጋል። ስብን እዚህ ተቀመጥ፣ እዚያ አትቀመጥ የሚለው ማን እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።
አባዬ ከሲታ ነበር። ጉበቱ ግን ስብ ሞልቶት ሞተ። ለዚህ ብዬ እንደገባሁበት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ግንቦት 17
አገኘኋት። ሳህን 212።
ሌሎቹ ሁሉ ሲያበሩ አንዷ ጨለማ። ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ስብ ግን የላትም። ቴክኒሻናችንን ሱሀይብን ጠራሁት። ብዙ አየና "ቀለሙ ሳይደርሳት ቀርቶ እንዳይሆን" አለ። ሟርተኛ። ለማንኛውም ልጆቿ እስኪያድጉ እንጠብቅ።

ግንቦት 20
ልጆቿም ጨለማ! አንድም የሚያበራ የለም። እንቁላላቸው ግን ጥቂት ነው። ጤነኛዋ ሦስት መቶ ትጥላለች፣ እነዚህ አሥራ ምናምን።
"ለመጠባበቂያ የተወሰኑትን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ እናቀዝቅዝ፣ እሱ መብራት አይፈልግም" አለ ሱሀይብ። ነገ አልኩት። ደክሞኝ ነበር።

ግንቦት 21
ጉዴ ፈላ። ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ፣ ሕንፃው በሙሉ ጨለማ። ማቀዝቀዣው ሁሉ ቀልጧል። መጠባበቂያ የለም። ለምን ትናንት እሺ አላልኩትም?
ክፍሉ ይሞቃል፣ ሙቀት ይፈጃቸዋል። የእኛ ቤት የድሮ የድንጋይ ቤት ስለሆነ ጓዳው ቀዝቃዛ ነው። የ212ን ዘር ስድስት ሳህን በኬክ ካርቶን አድርጌ አመጣሁ። አሮጌውን ማይክሮስኮፕም፣ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚቀበለውን። ፒያሳ ላይ አንድ ወያላ "እህት፣ ልደት ነው እንዴ? አትጠሪንም?" አለኝ። የምስቅበት ፊት አልነበረኝም።
እማዬን አትንኪ አልኳት። "ምኑን ነው የምነካው? ትሉን?"

ግንቦት 23
የጊዮርጊስ ወርሃዊ በዓል ነው፣ እማዬ በጠዋት ወጥታለች። እኔ ለመብራቱ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ዋልኩ። ነገ ይላሉ። ስመለስ ፊቷ በርቷል። "ብይ።" አልበላሁም። "አይዞሽ፣ ይሳካል" አለችኝ፣ አንድ የምታውቀው ነገር እንዳለ ሁሉ።

ግንቦት 25
አለቀ።
ካርቶኑን ከፈትኩ። ስድስቱም ሳህን ሻጋታ። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ጸጉራም፣ ላዩ ላይ የውሃ ጠብታ። እኛ ሳህን የምንከፍተው እሳት አጠገብ ነው፣ አየሩ እንኳ እንዳይበክለው። ታዲያ ይኼ ውሃ ከየት መጣ?
ጠየቅኳት። "ጠበል ነው" አለች። "በእጄ አልነካኋቸውም እኮ። ክዳናቸውን እያነሳሁ አንድ በአንድ ረጨሁላቸው። እንዲህ ስትሆኚ ዝም ብዬ ልይሽ?"
ምናለ ዝም ባልኩ። "አባዬንም እንዲሁ ነበር የምትረጪው። ዳነ?" አልኳት።
ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ግንቦት 26
ሽሮውን ከድና ጠረጴዛው ላይ ትታልኛለች። "ብይ" አላለችም።

ግንቦት 27
"ሆዷ ውስጥ እንቁላል የያዘች በሕይወት የለችም?" አለኝ ሱሀይብ በስልክ። መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ግማሽ ቀን ፈለግሁ። ሻጋታው መሃል አንዲት ብቻ። ትንቀሳቀሳለች፣ በመከራ። እንቁላሎቿን ቆጠርኩ... ዘጠኝ።
ያለው መንገድ በረኪና ነው። ሻጋታውን ይገድላል፣ እናትየዋንም ያሟሟታል። እንቁላሎቹን ብቻ ቅርፊታቸው ያተርፋቸዋል፣ ያውም ደቂቃው ካላለፈ። የላብራቶሪው ጊዜው አልፎበታል። ራስ መኮንን ድልድይ ወርጄ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ገዛሁ፣ ከላብራቶሪ በመጣች ጤነኛ ትል ሞከርኩት። ትዋኛለች። ውሃ ቀላቅለውበታል።

ግንቦት 28
ከእማዬ ጋር ሦስት ቀን ቃል አልተለዋወጥንም። ቢሆንም ጓዳ ገባሁ። "እማ፣ ያልቀጠነ በረኪና የት ይገኛል?"
ከአልጋ ሥር ጠርሙስ አወጣች። "ሸምሰዲን ነው ለብቻ የሚያስቀምጥልኝ፣ የሃብተ ጊዮርጊሱ ባለሱቅ። ተጠንቀቂ፣ ጨርቅ ይበላል።" ለምን እንደፈለግሁት ነገርኳት።
"እናትየዋስ?"
"እሷ ትሟሟለች።"
የጠርሙሱን ክዳን ፈትታ እንደገና አጠበቀችው። ከዚያ ሰጠችኝ።
አራት ደቂቃ ፈጀ። እናትየዋ ተቆረጠች፣ ተበተነች፣ ጠፋች። ዘጠኙን አጥቤ ሱሀይብ ያመጣልኝ ንጹሕ ሳህን ላይ አኖርኳቸው። እማዬን ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር። ጠርሙሱን ብቻ መለስኩላት።

ግንቦት 29
ምንም። እስካሁን መፈልፈል ነበረባቸው።

ግንቦት 30
ስድስቱ ሞተዋል። ሦስቱ ውስጥ የሚገላበጥ ነገር ያለ ይመስለኛል። ወይስ እኔ ነኝ የተመኘሁት?

ሰኔ 4
ሦስቱ ተፈልፍለው አድገዋል። ዶክተር አጽብሐ ጋ ደወልኩ። "ሦስት ትል ማስረጃ አይሆንም" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ "እስቲ ነገ ይዘሻቸው ነይ።" ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። ሦስት ትሎች ከስንብት የሚያድኑኝም አይመስለኝም።
መስኮቱ ጋ ሆኜ አያቸዋለሁ። በፀሐይ ብርሃን ነገሩ ይገለበጣል፤ ስብ ያላት ትል አንጀቷ ይጠቁራል። የእነዚህ ጥርት ያለ ነው። ዘሩ አልጠፋም።
ዞር ስል እማዬ በር ላይ ቆማለች፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ያለሁበት ክፍል ገብታ አታውቅም።
"ነይ እይ።"
"አልነካም።"
"አውቃለሁ፣ እማ። ያን ቀን ስለ አባዬ ያልኩሽ..."
"ተይው።"
ጎንበስ አለች። አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ አየች።
"ውስጧ እኮ ምንም የለም።"
"የለም።"
"ትበላለች?"
"ትበላለች። አይጠራቀምላትም እንጂ።"
ቀና ብላ ፊቴን አየችው።
"አንቺም ከስተሻል" አለች። "ብይ።"
በላሁ።