«ወላጅ ይዘሽ ነይ»

ሰኞ፣ ቡሬ

አልመጣችም። እስከ ምሳ ሰዓት የትምህርት ቤቱን የምክር ክፍል በር ገርበብ አድርጌ ጠበቅኋት። ስሟን እዚህም አልጽፍም፤ ልጅቱ እላታለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ ትማራለች።

ዓርብ የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስቀምጠው። እናቷ ካረፉ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። «ተኝቼ በዚያው ብቀር ይሻለኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። በሥልጠናችን እንደተማርነው፣ ራሷን ለመጉዳት አስባ እንደምታውቅ በቀጥታ ጠየቅኋት። «አንዳንዴ» አለች። መቼና እንዴት ብላ የወሰነችው ነገር ግን የለም። ከቤተሰቧ አንድ ሰው ማወቅ እንዳለበት አስረድቻት «ሰኞ አባትሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። «እሺ ቲቸር» አለች።

እሺ ስላለች ተስማምታለች ብዬ ደመደምኩ። ከጤና ጣቢያ ሆነው ሥራዬን ለሚከታተሉ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ ለሲስተር ዝናሽም እንደዚያው ነገርኳቸው። ዛሬ ማታ እርግጠኛ አይደለሁም።

ማክሰኞ

ዛሬም የለችም። የምትከራይበትን ቤት ለማወቅ ወደ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሄድኩ።

«ምን አጥፍታ ነው?» አሉኝ።

ምንም እንዳላጠፋች፣ ከአባቷ ጋር እንድትመጣ ብቻ እንደጠየቅኋት ነገርኳቸው።

«ወላጅ አምጪ ብለሻታላ!» ሳቅ አሉ። «እኅቴ፣ እዚህ ግቢ ወላጅ የሚጠራው ወይ መስኮት ሲሰበር ወይ ሰው ሲፈነከት ነው። ወላጅ አምጣ ያልነው ልጅ ግማሹ ከመንገድ አባት ለምኖ ይመጣል። አምና አንድ ጋሪ ነጂ ለሦስት ተማሪ አባት ሆኖ መጥቶብኛል። የቀረው ደግሞ ጭራሽ አይመጣም።»

መሳቅ አልቻልኩም። እኔም እኮ እዚሁ አገር ተምሬ ያደግሁ ነኝ። ወላጅ አምጪ የተባለች ልጅ ከሰልፍ ተለይታ ስትቆም ጓደኞቿ እንዴት እንደሚያዩዋት አውቃለሁ። ዓርብ ዕለት ግን እንደ ባለሙያ እንጂ እንደ ተማሪ አላሰብኩም። ዕረፍት ያጣችን ልጅ ባላሰብኩት መንገድ ከተከሳሾች ጋር አሰለፍኋት።

አብራት የምትኖረው ልጅ «እሑድ ስንቅ ላመጣ ብላ ሄደች፤ ብርድ ልብሷንም ይዛለች» አለችኝ። ስንቅ ሊያመጣ የሚሄድ ሰው ብርድ ልብስ አይሸከምም።

የአባቷ ስልክ ዝግ ነው። ሲስተር ዝናሽ ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደወሉ። እርሷም ልጅቱን ዛሬ ጧት ውኃ ስትቀዳ እንዳየቻት ነገረችን። በሕይወት አለች። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም። ነገ ከሲስተር ዝናሽ ጋር እንሄዳለን።

ረቡዕ

ባጃጁ እስከ ጥርጊያው መጨረሻ አደረሰን፤ የቀረውን በእግር ሄድን። አባቷ ደጅ ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ሲያዩን ተነሡ፤ ከሰላምታው ቀድሞ ከአፋቸው የወጣው ቃል ይህ ነበር፦

«ምን ሰርቃ ነው፣ እመቤቶቼ? ለእኔ ትምህርት በቃኝ ከማለት በቀር ምንም አልነገረችኝም።»

ልጃቸው እንዳልሰረቀች፣ እንዳልተጣላች፣ እንዳልተባረረች ነገርኳቸው። ያመኑኝ አልመሰለኝም። ልጅቱ በሩ ጥግ አቀርቅራ ቆማለች። ፈቅደውልኝ ለብቻዋ ከጎተራው ኋላ አነጋገርኋት።

«ስሕተቱ የኔ ነው፤ አጠራሬ ልክ አልነበረም» አልኳት።

«አባቴ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ሰው ፊት መቆም ከብዷቸዋል፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከኋላ ነው የሚቆሙት» አለች። «በኔ ሰበብ ቢሮ አቆማቸዋለሁ?»

ምን እንደምናገርና ምን እንደማልናገር አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ዓርብ ያለችኝን ጭምር እንድነግራቸው ፈቀደች። «እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ አፌ አይፈታም» አለች።

ተመለስን። የምለውን ሌሊቱን አዘጋጅቼ ነበር፤ የተሰናዳው ቃል ግን እኒያ ሰው ፊት ሸካራ ሆነብኝ። ሐዘኑ እንደከበዳት፣ እንደማትተኛ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻዋን ባትሆን መልካም እንደሆነ ተናገርኩ። ቀጥዬ «ቤት ውስጥ የአረም መድኃኒት ካለ ከዚህ ቢርቅ» አልኩ። ምክንያቱን ላስረዳ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ይበቃል፣ የኔ እመቤት። ሰምቻለሁ።»

ወደ ውስጥ ገቡ። በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡና ወንዙን ተሻግረው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ባዶ እጃቸውን መጥተው ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ ያስቀመጡትን በቆሎ አንሥተው መፈልፈል ቀጠሉ።

«እኔም እኮ አልተኛም» አሏት ቀና ሳይሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጪ እንዳልቀሰቅስሽ እያልኩ ነው እንደ ግንድ የምጋደመው።»

«እኔም ነቅቼ ነው» አለች። ያን ጊዜ አለቀሰች። እርሳቸው ዝም በይ አላሏትም።

ዓርብ ጤና ጣቢያ እንዲመጡ ቀጠርናቸው። አባትዬው እመጣለሁም አልመጣምም አላሉም፤ «እግዜር ያውቃል» ብቻ።

ሐሙስ

ምክትሉን አነጋገርኳቸው። ከእንግዲህ እኔ ዘንድ የሚመጣን ተማሪ ወላጅ በትምህርት ቤቱ በኩል እንዳልጠራ፣ ተማሪው ከፈቀደ ራሴ እንድደውል ወይም ጤና ጣቢያ እንዳገኛቸው ተስማማን። «የጋሪ ነጂውን እንጀራ ዘጋሽበት» አሉኝ። ዛሬ ትንሽ ሳቅሁ።

ሥራ አልሠራ አለኝ። ትናንት በሰው ፊት መናገሬ አባቷን አዋርዷቸው ይሆን? ቃሌን ለልጅቱ ጠብቄያለሁ፤ ይህን አውቃለሁ። እርሳቸው ላይ ግን ምን እንደጫንኩ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጤና ጣቢያ

መጡ። ሰዓቱ አልፎ ተስፋ ቆርጬ ሳለ ከበሩ ውጭ አባትዬውን ነጭ ጋቢ ለብሰው አየኋቸው። «ማን ይግባ፣ እኔ ወይስ እርሷ?» አሉ። መጀመሪያ እርሷ ገባች።

ራሷን የመጉዳቱ ሐሳብ ሄዶ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ መጥቶባት እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ትናንት ሌሊት መጣብኝ» አለች። «አባቴን ቀሰቀስኳቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ተነሥተው ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። እስኪነጋ ደጅ ተቀመጥን።»

ሲስተር ዝናሽ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሐኪም እንዲያያት ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዘውላታል፤ አባቷ አብረው ይሄዳሉ። ወደ ትምህርት ቤት መመለስ አለመመለሷን ገና አላወቅንም፤ ዛሬ አልጠየቅኋትም። እርሷ ወጥታ አባቷ ሲገቡ ወንበሩን ሳብኩላቸው። ተቀምጠው ጋቢያቸውን ሰበሰቡና «እናቷ ካረፈች ወዲህ…» ብለው ጀመሩ።