ለከሃዲው አማርኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ጥቅምት 6 ቀን 1990
ሐሙስ። ዝናቡ ጋብ ብሏል። ቪዲዮ ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር። «ጨረቃዋ» ክፍል አንድ... ለስንተኛ ጊዜ? ሰው አይሰለቸውም። ያው መርከብ ሰማይ ላይ ይሄዳል፣ ያው ከሃዲ አክተሯን ባዶ ጨረቃ ላይ ጥሏት ይበራል፣ ያው ሴቶች ያለቅሳሉ። እኔም ማይኬን ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ገበያ ቀን ኦሮምኛ እጨምራለሁ። ባለቤቱ ኦቦ ዱጋሳ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ካሴቱ ሊበጠስ ነው እኮ!» ይላል እየሳቀ።

ተድላ ዛሬም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ከተዋደድን ጀምሮ እዚያው ነው። እኔን ሊያይ ይመስለኛል... ወይስ ፊልሙን?

ጥቅምት 10
ፊልሙን ነው።

ተድላ እጃጂ ከተማ ሽማግሌ ልኳል። ድንቅቱ የምትባል የነጋዴ ልጅ ሊያገባ ነው። መንገድ ላይ አስቁሜ ጠየቅኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ «እንጋባለን» ሲለኝ የኖረ ሰው ጫማውን እያየ «ሰሎሜ፣ አንቺ እኮ ለእኔ እንደ እህቴ ነሽ» አለኝ።

እህቴ! ታዲያ ሲስመኝ የነበረው ማን ብሎኝ ነው?

ጥቅምት 11
እህል አልወርድልኝ አለ። እማዬ «ለእግዜር ስጪው» አለችኝ። እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ልጨርስ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ
ተበቀልኩ!

ገበያ ነው፣ ሰው በሰው ላይ ነበር። ተድላም ሳያፍር መጥቶ ቦታው ተቀመጠ። ከሃዲው የመርከቡን በር ሊዘጋባት ሲል በእንግሊዝኛ «ነዳጁ ለሁለት አይበቃም» ነው የሚለው። እኔ ግን ማይኩን አስጠጋሁና «አንቺ እኮ ለእኔ እንደ እህቴ ነሽ» አልኩ። ቤቱ ተናወጠ። ሴቶቹ «ማሎ! ማሎ! እባክህ!» እያሉ ጮኹ። አንዷ ጫማዋን ቴሌቪዥኑ ላይ ወረወረች፤ ኦቦ ዱጋሳ በድንጋጤ ሊሞት ነበር። የተድላን ፊት በጨለማው አላየሁትም። ጆሮው ግን መቃጠሉ አይቀርም።

ጥቅምት 24
ከተማው አብዷል። ፊልሙን በቃሉ የሚያውቀው ሁሉ ለዚያች ንግግር ሲል ይመለሳል። ተማሪዎች መንገድ ላይ ይባባሏታል። ጉደር ያለው ቪዲዮ ቤትም ጀምሯታል አሉ። ዛሬ አንዲት ታይፒስት ክንዴን ይዛ «የእኔውም ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለኝ» አለችኝ። ስንት ናቸው እነዚህ ሰዎች?

ግን የተድላ ቃል መሆኑን ማንም አያውቅም... እሱ ያውቃል፣ ይበቃል።

ኅዳር 2
ተድላ አስቆመኝ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ተጠጋሁት። «ሰሎሜ፣ ያቺን የ‹እህቴ ነሽ›ን ነገር ከየት አመጣሻት? ምን ዓይነቱ ውሸታም ነው በናትሽ! በሳቅ ሞትኩ» አለኝ።

አያስታውስም። ማለቱን እንኳ አያስታውስም! እኔን ያፈረሰኝ ነገር ለእሱ ከአፉ የወጣች ትንፋሽ ናት።

ቅዳሜ ክፍል ሁለት ከአዲስ አበባ ይገባል። ድንቅቱንና አባቷን ይዞ ሊመጣ ነው። «ጥሩ ቦታ ያዢልን» አለኝ። እይዛለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ድንቅቱ ከልቧ ትስቃለች። ልጠላት ሞክሬ አቃተኝ።

ክፍል ሁለት ላይ አክተሯ ከጨረቃ ወጥታ ከሃዲውን ታገኘዋለች። በእንግሊዝኛው ስሙን ጠርታ «ታስታውሰኛለህ?» ነው የምትለው። የፈረንጁን ስም ተውኩት።

«ተድላ እንግዳወርቅ! ሦስት ዓመት እንጋባለን ብለህ፣ ‹እንደ እህቴ ነሽ› ያልከኝን ታስታውሳለህ?»

ማንም አልሳቀም። አንገት ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ድንቅቱ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አባቷ ባርኔጣውን አድርጎ ተነሳ።

ኅዳር 20
ተድላ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ከስቷል።

«በፈጠረሽ ሰሎሜ፣ ስሜን ከፊልሙ አውጪልኝ። ቢሮ ስገባ ‹ከሃዲው መጣ› ይላሉ። ድንቅቱም ‹አልፈልገውም› ብላ ሽማግሌዎቹን መለሰች።»

«ያልከኝ አሁን ትዝ አለህ?»

«አለኝ» አለ፤ ጫማውን አላየም፣ እኔን ነው ያየኝ።

ይህችን መስማት ይበቃኛል ብዬ ነበር። አልበቃኝም። ትንሽም አላዘንኩለት።

«እኔ ተርጓሚ ነኝ። የተባለውን ነው የምናገረው» ብዬው ገባሁ። ወረፋው ድልድዩ ጋ ደርሷል። ሰው ይህን ፊልም ይወደዋል... ገና ስንት ዓመት ይታያል።