የአባታችን የጓሳ ድርሻ

ለወንድሜ ለአትናቴዎስ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔና እማዬ፣ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይግባውና፣ ደኅና ነን። አዲስ አበባን ለቅቄ መንዝ ከገባሁ አራት ወር ሞላኝ። ገብሱ ተወቅቷል፤ ሁለት በጎችም ወልደዋል።

ባለፈው ሰኞ የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ለአጨዳ ተከፍቶ ነበር። በልግ ሳይገባ የሚያፈሰውን ጣሪያችንን ልክደንበት ብዬ የአባታችንን ድርሻ ላጭድ ሄድኩ። አጎታችን ዳኜ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «አንቺ አዲስ አበቤ፣ በዲግሪሽ ክደኚው!» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ሣሩ ለአገሬው ነው፤ ወንድምሽም የአባታችሁን ድርሻ ለእኔ ለቆልኛል» ሲል ጨመረ።

በአባታችን ለቅሶ ደረቱን ሲደቃ የነበረው ይኸው ሰው ነው። እሱም፣ አብረውት የሳቁትም ቀፈፉኝ። አምስት ሸክም አጨድኩ። ሽማግሌዎቹ ግን «የወንድሟ ቃል ይምጣ» ብለው ሣሩን አገዱብኝ።

እንዲህ ያለ ቃል ከአንተ አፍ እንደማይወጣ ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ስልክህን የማታነሣውም በኔትወርክ ምክንያት ነው አልኳት። «እንግዲያው መሐል ሜዳ ከተማ ወጥተሽ ሞክሪ» አለችኝ። ዛሬ ወጥቼ ሞከርኩ። ይጠራል፤ አታነሣውም።

ቃልህን ጽፈህ ለሽማግሌዎቹ ላክ። እኔ ከዚህ አልሄድም። አምላክ በጤና ያቆይህ።

እህትህ ጽናት