አባባ «ያዘ!» ሲሉ

እታለም፣ እንዴት ከረምሽልኝ? ልጅሽ ሚጡስ አደገች? እኛ ደህና ነን፤ ድካሙ ብቻ ነው።

የበረራ ሜዳው እንደምታውቂው ነው። ሞተር አልባዋን አውሮፕላን በገመድ እየጎተተች የምታስነሳው አሮጌዋ አውሮፕላን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ታስላለች። አባባም ገመዱን መንጠቆው ውስጥ ያስገቡና ሁለቴ ሳብ ሳብ አድርገው «ያዘ!» ይላሉ። እሳቸው «ያዘ» ሳይሉ የሚነሳ የለም።

ትናንት «ያዘ!» ሲሉ ገመዱ ገና እጃቸው ላይ ነበር። ተሳፋሪዋ ቀበቶዋን አስራ ትስቃለች።

«አባባ፣ እስቲ እኔ ልየው» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ! አለቃ ሆንክብኝ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

አሁን እሳቸው ዞር ሲሉ ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነብስና መንጠቆውን ሁሉ እስባለሁ። ገመድ ከአጥሩ በላይ ሲለቅ ምን እንደሚሆን አብረን አይተናል።

እራት ላይ «ሚጡ መጥታ ስትበር ገመዱን የማስገባው ራሴ ነኝ» አሉ። ደስታቸውን ብታዪ! ትንሽ ቆይተው «ሚጡ የማን ልጅ ነበረች?» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ።

ለሚጡ ሜዳው ጭቃ ነው በያት። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ አንቺ ግን ጭቃ ነው በያት።

በሉ ደህና ሁኑልኝ፤ ጉንጯን ሳሚልኝ። አንቺ ግን ነይ። ብቻሽን፣ ቶሎ።

ወንድምሽ