ስምንቱም ወንዶች ነበሩ

ዳኜ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ ናፍቆቱ ቀንሶልኝ አይደለም፤ የምነግርህ ደህና ወሬ ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ። ሚዜህን ሽመልስን አቃጥዬልሃለሁ። ደስም ብሎኛል። ለንስሐ አባቴ ገና አልተናገርኩም፣ የምናገርም አይመስለኝም።

ቤቱ ደህና ነው። ያ የሚያፈሰው የጣሪያ ጥግ ተጠግኗል። እኛ ሰፈር፣ ፈላና በር፣ ውሃ አሁንም ሲያሻት ነው የምትመጣው፣ በርሜሎቹ ግን ሙሉ ናቸው። እኔም እዚያው መዝገብ ቤት ነኝ፤ ፋይል የጠፋበት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። የመስታወት የዓሣ ሳጥንህ መስኮቱ ሥር እንደነበረ አለ፤ አጠገቡ ሁለት ጨምሬያለሁ። እንዳትስቅብኝ። ሳሎኑን ሽታ በሽታ አደረግኸው እያልኩ ስጨቀጭቅህ የኖርኩት ሴትዮ ዛሬ የሦስት ሳጥን ባለቤት ሆኛለሁ።

ሽመልስ ሁለቱን ባለ ሸንተረር ዓሦች በፌስታል ይዞልን የመጣ ቀን መቼም ትዝ ይልሃል። ፈረስ መጋላ ካለው፣ መስታወትም ዓሣም ከሚሸጥበት ሱቁ በእግሩ ነበር ያመጣቸው። ትልቁ፣ ሆዱ ላይ ወርቅ የመሰለው፣ እሱ ነው ወንዱ አለን። እኛም አመንን። የምናውቀው አውራ ዶሮ ነው፤ ያማረው ወንድ መሆን አለበት። በዚህ ዓሣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ዳኜ። ወርቁ የሚወጣው የሴቷ ሆድ ላይ ነው። ትንሿም እኮ ወርቅ ነበራት፣ ፈዘዝ ያለ። አላየነውም እንጂ።

እንቁላል በጣሉ ቁጥር ትጠራኝ ነበር። እጄ ሽንኩርት እንደሸተተ መጥቼ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ሳጥኑ ውስጥ የደፋነውን የገል ጀርባ የሞላውን እንቁላል ሁለቱም ተራ እየገቡ በክንፋቸው ሲያራግቡት እናያለን። በሁለተኛው ቀን ይነጣል፣ በሦስተኛው ሻጋታ ይወርሰዋል። አስራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረን ልጅ ያላገኘን ሰዎች ነንና አንተ ገሉን ታጥባለህ፣ እኔ ወደ ሽንኩርቴ እመለሳለሁ። አንተ ጥፋቱ የውሃው ነው አልክ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሪካንህን አንጠልጥለህ ሐኪም የሚባለው ጋራ ላይ እየወጣህ የምንጭ ውሃ ማምጣት ጀመርክ፣ ልብህ ደህና እንዳልሆነ ዶክተሩ እየነገረህ። ሽመልስ ሱቁ በር ላይ ሆኖ ስታልፍ ያይሃል፣ ሰላም ይልሃል።

ካፌ ተቀምጦ፣ "እዚያ ቤት እንኳን ልጅ፣ ዓሣም አልፈለፈል አለ" ማለቱን የነገርከኝ አንተው ነህ። እየሳቅህ ነገርከኝ። ምሳህን ግን አልነካኸውም።

ተንኮሉን ያወቅሁት አርባህን ስናወጣ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወጥ ይዤ ከኋላው ቆሜ ሳለሁ፣ ሽመልስ ለወንዶቹ እንደ ቀልድ ያወራ ነበር። ለዳኜ የሰጠሁት ሁለቱም ዓሦች ሴቶች ነበሩ አለ። ትክክለኛ ጥንድ ብሰጠው ያረባና ለሐረር ሰው ሁሉ በነፃ ያድል ነበር፣ የኔን ዓሣ ማን ሊገዛኝ ነው አለ። ሳቁ። ባንተ ድንኳን፣ ባንተ ዝክር ላይ ሳቁ። እኔ ወጥ ጨመርኩለት፣ ብላ እንጂ አልኩት፣ እዚያው ቆሜም ማልኩ።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ። አዲስ አበባ የምትመላለስ የሥራ ባልደረባዬ የዚያው ዘር ስድስት ትንንሽ ዓሦች አመጣችልኝ። ትንሽ ሳሉ ወንድና ሴቱን መለየት ዓይን የሚያጠፋ ሥራ ነው። ወርቁ ገና አልወጣም፣ የወንዱም የጀርባ ክንፍ ገና ጫፉ አልሾለም፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ያለው መላ እርጥብ ጨርቅ ላይ በጀርባ አስተኝቶ፣ ከሆዱ በታች ያለችውን ቀዳዳ ባጉሊ መነጽር ማየት ነው። የወንዱ ጠባብና ሾል ያለች ናት፣ የሴቷ ሰፋ ብላ ጫፏ ዱልዱም ነው። ትንፋሼን ይዤ አይቼ ቶሎ ወደ ውሃው እመልሳቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ስንቴ ተሳሳትኩ መሰለህ። ለእያንዳንዱ እንደ ፋይል ምልክት እየያዝኩ፣ ሲያድጉ ከግምቴ ጋር እያመሳከርኩ፣ በመጨረሻ መሳሳት አቆምኩ።

እንቁላሉም ተፈለፈለ ዳኜ። በዚሁ በበርሜላችን ውሃ። እንደ አቧራ የደቀቁ ጫጩቶች እናታቸውን ተከትለው ሲዋኙ አየሁ፤ ጎረቤት እስኪሰማ አለቀስኩ። ውሃው ምንም አልነበረበትም። አንተም ምንም አልነበረብህም።

ሽመልስ መብራት ጠፍቶ፣ ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው ቆሞ ዓሦቹ ሲያልቁበት ወሬዬን ሰምቶ መጣ። እህቴ፣ የወንድሜ አደራ፣ አለኝ፤ ለዘር የሚሆኑ ጥንዶች ለመነኝ። ወርቃቸው ከመውጣቱ በፊት ስምንት መርጬ በፌስታል ሰጠሁት። ስምንቱንም አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ፤ ስምንቱም ወንዶች ነበሩ። አራት ሴት አራት ወንድ ነው አልኩት። አመስግኖኝ፣ መርቆኝ ሄደ።

ወርቁን ሲጠብቅ ከረመ። ለሁለት ሆቴል የዓሣ ጫጩት ቃል ገብቶ ነበርና ሁለቱም እየደወሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። ዓሦቹ አድገው እርስ በርስ ይቦጫጨቁ ጀመር። መጣና የሴቶቹ ወርቅ ዘገየብኝ፣ ምን ይሻላል አለኝ። ከዚያ ከሐኪም ጋራ ላይ የምንጭ ውሃ አምጣላቸው አልኩት። ሄዶ አመጣ! በዚያ ቦርጩ፣ ጀሪካን ታቅፎ፣ ሱቁ በር ላይ ከባጃጅ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። የዚያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ባለፈው እሁድ ደግሞ መጥቶ በራፉ ላይ ቆመ። ከስምንቱ አንድ ብቻ ቀርቶታል፣ ነገሩም ገብቶታል። አንዲት ሴት ስጪኝና ይብቃን አለ። አልሰጥም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለኝ፦ "ለዳኛቸው እኮ ከማረፉ ስድስት ወር በፊት ነግሬዋለሁ። ወንድ ላምጣልህ ስለው፣ 'ተው፣ ለሷ ብቻ እንዳትነግራት' አለኝ።"

በሩን ዘግቼ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንቁላል ጥለዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ጠርተኸኛል። እንደሚነጣ እያወቅህ ነው የጠራኸኝ። አጠገብህ እንድቀመጥ ነው። እንዳልጠረጥርም በዚያ ልብህ ጀሪካን ተሸክመሃል። ለምን ደበቅኸኝ አልልህም፤ ሽመልስን እንደማልምረው ታውቃለህ። ልክ ነህ፣ አልምረውም።

አንተ ይቅር ብለኸዋል፤ ያ ያንተ ነው። እኔ ግን የወጣሃቸውን ቅዳሜዎች አንዱንም አልረሳም። እሱ የሳቀውን፣ አንተ ያልበላኸውን ምሳ፣ እኔ እንድቀመጥ ብለህ ዝም ያልከውን ጭምር ይዣለሁ። እሱን እዚህ እጠይቀዋለሁ። አንተን ግን እዚያ ስመጣ።

እስክንጠያየቅ የማልረሳህ
ያንተው አስቴር