ከኮሚቴው አልወጣም

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ብርዱስ ጋብ አለላችሁ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። ትንሹ ልጄ ጥርስ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። ያንተ ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ የሚያስቸግረን የለም።

መልእክትህ ደርሶኛል። የገበያችን ሊቀመንበር ደውሎ «እህትህን ምከራት» እንዳለህ፣ አንተም «የወንዶች ጣጣ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ? ከኮሚቴው ውጪ» እንዳልከኝ ሰማሁ። ጋሼ፣ እንዳከበርኩህ አለሁ፤ ግን አልወጣም። ነገሩን ደግሞ ከእኔ ስማው።

ኮሚቴው እኛን አትክልት ሻጮቹን ሳይጠይቅ ከዋናው በር አንስቶ ቆሻሻ መጣያው ጀርባ ሊወስደን ወሰነ። በእኛ ረድፍ ወንድ የለም፤ በኮሚቴው ደግሞ አንዲት ሴት አልነበረችም። አዲስ የኮሚቴ አባል በሚመረጥበት ቀን ጎመን ሻጯ ጎረቤቴ፣ «ምላሷ» የምንላት፣ ስሜን ጠራች። ሊቀመንበሩ ሳቅ ብሎ «ባልሽ ፈቅዷል?» አለኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። «ባሌ ልጅ ይዞ ቤት ነው። የምወዳደረው እኔ ስለሆንኩ እኔን ይጠይቁኝ» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እጅ ሲወጣ ሊቀመንበሩ ከፊት ያሉትን ብቻ ቆጥሮ «ድምፁ አልሞላም» አለ። ይሄኔ ምላሷ ወንበሯን ገፍታ ብድግ አለች። ረድፋችን በሙሉ ተከትሏት ቆመ፤ ከሌላው ረድፍ ዳቦ ጋጋሪውና ጫማ ሰፊውም ሳይቀሩ። «አሁን ይቁጠሩ!» አሉት። ቆጠረ፤ ምን ያድርግ!

በመጀመሪያው ስብሰባ የሻይ ቴርሞሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «የጠማው ይቅዳ» ብዬ የመዛወሩን ነገር አነሳሁ። እስኪደክመን ተከራከርን። ውሳኔው ተሰረዘ ብዬ አልዋሽህም፤ ረድፋችን ሳይጠየቅ ማንም እንዳይነካን ግን አስወስኛለሁ። ሰውየው ላንተ የደወለው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲያቅተው ነው፤ ወንድሟ ከተቆጣት ዝም ትላለች ብሎ።

«የቤተሰባችን ስም» ብለሃል። ምኑን አጎደፍኩት? አልሰረቅኩ፣ አልቀጠፍኩ፤ ተመርጬ ተቀመጥኩ። ማውረድ ካስፈለገ የመረጡኝ ያውርዱኝ። አንተ ከዚያ ሆነህ አታወርደኝም። እወድሃለሁ፣ ግን አታወርደኝም።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «እኔም አትወጣም ብያለሁ በይው» ትልሃለች። ባሌ ሰላም ብሎሃል። ባለቤትህን እንደ እህቴ እንደምወዳት ንገርልኝ፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለሴቷ ልጅህ ግን ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለህ አንብብላት፤ የማትወደው ቦታ ላይ ስትደርስም ድምፅህን እንዳትቀንስ።

ታናሽ እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ